ታሪክና ልብ ወለድ በአንድ መደርደሪያ

በነሐሴ 1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ወደ ለንደን ደብዳቤ ላኩ። አክሱም ላይ ዘውድ ከጫኑ ሰባት ወር እንኳ አልሞላቸውም። ከአራት ዓመት በፊት የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ጭኖት ከሄደው ንብረት ሁለት ነገር እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ አንድ ሥዕልና አንድ መጽሐፍ። ሥዕሉ «ኩርዓተ ርእሱ» ነው። ከዘመቻው ጋር የመጣው የብሪትሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ለራሱ አስቀርቶት ስለነበር ሊገኝ አልቻለም። መጽሐፉ ግን ተመለሰ። «ክብረ ነገሥት» ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ የሰጡት ምክንያት ዛሬም ያስደንቃል፤ ያ መጽሐፍ ከሌለ የአገሬ ሰው አይታዘዘኝም የሚል ነው። እንግሊዞቹ ከመቅደላ ካወጧቸው መጻሕፍት 350 ያህሉ ብሪትሽ ሙዚየም ገቡ። ተመልሶ የመጣው እንግዲህ ከዚያ ሁሉ መካከል በስሙ ተጠርቶ የተጠየቀው ነው።

«ክብረ ነገሥት» ምን ዓይነት መጽሐፍ ነው? 117 ምዕራፎቹ ስለ ንግሥተ ሳባና ስለ ሰሎሞን፣ ስለ ልጃቸው ስለ ምኒልክ፣ ስለ ታቦተ ጽዮን መምጣት ይተርካሉ። በዛሬ መልኩ የተዘጋጀው በ14ኛው መቶ ዓመት ነው። ምእመኑ ታሪክ ነው ብሎ ያነበዋል። የታሪክ ተመራማሪው ስለ ሰሎሞን ዘመን ሳይሆን ስለ 14ኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያ የፖለቲካ አስተሳሰብ ይመረምርበታል። የሥነ ጽሑፍ መምህሩ ደግሞ ድንቅ የትረካ አወቃቀሩን ያሳይበታል። ንግሥና ከየት ይመጣል፣ ሕዝብስ ለምን ይታዘዛል የሚሉት ጥያቄዎች በውስጡ ስላሉ የፍልስፍና ተማሪም ድርሻ አለው። መጽሐፍ ቤት ውስጥ የትኛው መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ ቢባል ሻጩን ማስቸገሩ አይቀርም።

የታሪክና የፍልስፍና መጻሕፍትን ለሌላ ሰው መምረጥም ከዚህ ችግር አይወጣም። በአማርኛ የተጻፈው ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከልብ ወለድ ጋር ጎረቤት ነው፤ ፍልስፍናው ደግሞ ከሁለቱ በአንዱ ቤት ተከራይቶ የሚኖርበት ጊዜ ይበዛል። ስለዚህ መጻሕፍትን አንድ በአንድ ከመደርደር ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማቅረቡ ያዋጣል፤ አንዱ የሆነውን ሲነግር ሌላው የሆነበትን ሰው ያሳያል፣ ሲጋጩም አንባቢው ራሱ ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል።

አዲስ አበባ ውስጥ «ምን ላንብብ?» የሚለውን ጥያቄ ከማንም በላይ የሚሰሙት መጽሐፍ ሻጮች ሳይሆኑ አይቀሩም። በብሔራዊ ቴአትር አካባቢና አራት ኪሎ ያገለገሉ መጻሕፍት አስፋልት ዳር ላስቲክ ላይ ተዘርግተው ይሸጣሉ። አዟሪው እስከ አገጩ የደረሰ ቁልል በክንዱ ደግፎ፣ የመጻሕፍቱን ጀርባ ወደ ሰው አዙሮ ካፌ ለካፌ ይዞራል። «ታሪክ አለህ?» ሲባል ጳውሎስ ኞኞን ወይም የአንድ የቀድሞ ባለሥልጣን ትዝታ ከመሃል ይስባል፤ ቁልሉ ግን አይነቃነቅም። «ፍልስፍናስ?» ሲባል አንዳንዴ ዘርዓ ያዕቆብ ይወጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ በሠላሳ ቀን ሀብታም ስለመሆን የሚያስተምር መጽሐፍ። በሁለተኛው ላይ መሳቅ ይቀላል። ይሁንና ሻጩ ገበያውን ያውቃል፤ ፍልስፍና የሚለው ቃል ምክር በሚለው ትርጉሙ የሚፈለግበት ጊዜ ይበዛል።

ከቁልሉ ውስጥ ስሙ የማይጠፋው አንድ ንጉሥ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስን ያህል ደራሲና ታሪክ ጸሐፊ የተሻማበት ሰው በአማርኛ የለም። ብርሃኑ ዘርይሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን በ1958 ዓ.ም. አሳተመ፣ ኋላም «የታንጉት ምስጢር»ን ጨመረበት። አቤ ጉበኛ በ1961 ዓ.ም. «አንድ ለናቱ»ን አወጣ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን መድረክ ላይ አቆማቸው። አብዛኛው በአንድ ዘመን መሆኑ እንዲያው አጋጣሚ አይመስልም። የ1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከከሸፈ በኋላ ያደገው የተማረ ወጣት ከዙፋን ዘር ያልመጣ፣ በራሱ ክንድ የተነሣ፣ አገር አሠለጥናለሁ ብሎ የሞተ ጀግና ይፈልግ ነበር። ስለዚህ «አንድ ለናቱ» የሚነግረን ስለ 1840ዎቹና 50ዎቹ ብቻ አይደለም፤ ስለ 1961ም ጭምር ነው።

ጥንዱ የት ነው? የተክለ ጻድቅ መኩሪያ «ዐፄ ቴዎድሮስና የኢትዮጵያ አንድነት» ሰፊ ነው፣ ትዕግሥትም ይጠይቃል። ደራሲው በትምህርት ቤት መጻሕፍቶቻቸው ለትውልድ ታሪክ ያስተማሩ ሰው ናቸውና አጻጻፋቸው ከፊት ለፊት ተማሪ እንደተቀመጠ መምህር ነው። አጠር ያለ የሚፈልግ የባሕሩ ዘውዴን «የኢትዮጵያ ታሪክ ከ1847 እስከ 1983» ይያዝ። 1847 ቴዎድሮስ ደረስጌ ማርያም ላይ የነገሡበት ዓመት ነው። በዘመናዊው የኢትዮጵያ ታሪክ ላይ አንድ መጽሐፍ ብቻ የማንበብ ጊዜ ላለው ሰው ይህ ጸሐፊ የሚመርጠው ይህንኑ ነው፤ ማንንም አያባብልም፣ ገጽም አያባክንም።

ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚጣፍጠው ንባብ የንጉሡ ዘመን ሰዎች የጻፉት ነው። የቴዎድሮስ ዜና መዋዕል እንደ ቀደሙት ነገሥታት በግእዝ ሳይሆን በአማርኛ ተጻፈ፤ ከአንድም በላይ ሆኖ። የአለቃ ዘነብ ዜና መዋዕል ንጉሡን የሚያደንቅ ነው፤ ትረካውም ከመቅደላ ብዙ ዓመት ቀድሞ ይቆማል። ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን በ1902 እ.ኤ.አ. አሳተመው። አለቃ ወልደ ማርያም ግን መጨረሻውን አይተው የጻፉ ናቸው፤ የእርሳቸው ቴዎድሮስ የጠቆረ ነው። አንዱ ጸሐፊ ፍጻሜውን ሳያውቅ፣ ሌላው አውቆ ስለ አንድ ሰው የጻፉትን ጎን ለጎን ያነበበ፣ ታሪክ ጸሐፊ የቆመበት ቦታ ምን ያህል እንደሚገዛው ያለ ሌላ አስተማሪ ይረዳል።

አለቃ ዘነብ ሌላም መጽሐፍ አላቸው። «መጽሐፈ ጨዋታ ሥጋዊ ወመንፈሳዊ» ይባላል። ስለ ሰው ስግብግብነት፣ ስለ ሞት፣ ስለ ሀብትና ድህነት እያዋዛ የሚፈላሰፍ፣ ቁርጥራጭ ሐሳቦችን እንደ ጨዋታ የሚወረውር ትንሽ መጽሐፍ ነው። የንጉሥ ታሪክ የጻፈው እጅ ምሽት ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ከንቱነት መቀለዱ ራሱ ትምህርት ነው። አስፋልት ዳር የማግኘት ዕድል ጠባብ ነው። ስድስት ኪሎ ባለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ወይም በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ በድሮ ስሙ ወመዘክር፣ መጠየቅ ይሻላል።

በአማርኛ ልብ ወለድ ሲነሣ «ጦቢያ» መጀመሪያ ይጠራል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ ያሳተሙት ይህ መጽሐፍ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው፤ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ የወጣች ልጅ ታሪክ። ዛሬ ሲነበብ ፍጥነቱ ያስገርማል፣ አጋጣሚዎቹ ደግሞ ፈገግ ያሰኛሉ። እኚሁ ደራሲ በተከታዩ ዓመት የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ አሳተሙ። ምኒልክን ከፍ ከፍ፣ ዮሐንስን ዝቅ ዝቅ የሚያደርግ ነበርና መልስ ሳያገኝ አልቀረም።

መልሱን የጻፉት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። አድዋ አካባቢ ተወልደው በልጅነታቸው ምጽዋ ላይ ከጀርመን መርከብ ተሳፍረው አውሮፓ የተማሩ ሰው ናቸው። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተሰኘው ጽሑፋቸው አሥመራ ታተመ። እዚያ ላይ ለታሪክ ጸሐፊ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል ይላሉ፤ የሆነውን የሚያስተውል ልቦና፣ ለወገንና ለባዕድ የማያዳላ ፍርድ፣ የጠራ አጻጻፍ። ዛሬ አንድ ሰው የፖለቲካ ትዝታ መጽሐፍ ሲገዛ እነዚህን ሦስቱን ሽፋኑ ላይ ጽፎ ቢጀምር አይከፋም። ነጋድራስ በ1911 ዓ.ም. ሠላሳዎቹን እንኳ ሳያጋምሱ ሞቱ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው ከሞታቸው በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። ስለ ገንዘብ፣ ስለ ንግድ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ዕውቀት ይመረምራል፤ ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር እንዴት እየደኸየ እንደሚሄድ ያስረዳል። መጽሐፉ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ስለ ቡናና ስለ ውጭ ምንዛሪ የሚነሣው ክርክር ግን አሁንም በዚያው ገጽ ላይ ነው።

ወደ ፍልስፍናው ሲመጣ ያለ ክርክር የሚጠራ ስም የለም። የሚጠራው ስም ራሱ ክርክር ነው።

«ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» እንዲህ ይላል። በአክሱም አካባቢ የተወለደ አንድን መምህር በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ንጉሡ ካቶሊክነትን በተቀበሉበት ጊዜ፣ ሁለቱም ወገን ይጠረጥረዋል። አንድ ሰው ንጉሡ ፊት ሲከስሰው ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሌሊት ይሸሻል። ተከዜ አጠገብ ገደል ሥር ዋሻ አግኝቶ ሁለት ዓመት ይቀመጣል። እዚያ የሚያነበው ዳዊት፣ የሚያዳምጠው የራሱ ልብ ብቻ ነው። ጸሎቴን የሚሰማ አለ ወይ? አለ ካልሁስ ከምን አውቄ? ፈረንጆቹ የእኛ እምነት ትክክል ነው ይላሉ፣ የአገሩ ካህናት የእኛ ይላሉ፣ እስላሙና አይሁዳዊውም እንዲሁ፤ ማን ይፍረድ? መልሱ ፈጣሪ ለሰው የሰጠው ልቡና ነው የሚል ነው። በዚያ መስፈርት ጾምን፣ ምንኩስናን፣ ባርነትን፣ ሴትን በወር አበባዋ ርኩስ ማለትን ይመረምርና ይጥላል።

ንጉሡ ሲሞቱ ከዋሻው ወጥቶ እንፍራንዝ ገባ፤ ሀብቱ ለሚባል ባለጠጋ መጽሐፍ እየጻፈ መኖር ጀመረ። ኂሩት የምትባለውን የቤቱን አገልጋይ ሊያገባ ሲጠይቅ ከእንግዲህ አገልጋዬ ሳትሆን ባለቤቴ ናት፣ በጋብቻ ባልና ሚስት እኩል ናቸው ይላል። በ17ኛው መቶ ዓመት። ተማሪው ወልደ ሕይወትም የራሱን ሐተታ ጻፈ፤ ከመምህሩ ይልቅ ተግባር የሚያበዛ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ የሚመክር ነው።

አሁን ክርክሩ። የሐተታው ጽሑፍ አውሮፓ የደረሰው በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ኢጣሊያዊ የካፑቺን መነኩሴ ለአንቷን ዳባዲ በላከው ቅጂ ነው። ዛሬም ፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በ1920 እ.ኤ.አ. ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ተነሥቶ ደራሲው መነኩሴው ራሱ ነው አለ፤ ኢዩጄን ሚትቮክም ደገፈው። ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተማሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ክሎድ ሰምነር ቋንቋውን፣ አስተሳሰቡንና የመነኩሴውን ደብዳቤዎች መርምረው ሥራው የኢትዮጵያዊ ነው ሲሉ ሞገቱ። በዘመናችን ፈረንሳዊቷ ተመራማሪ አናይስ ዊዮን የኮንቲ ሮሲኒን ወገን በአዲስ ማስረጃ አጠናከረች። ስመ ጥሩው የግእዝ ሊቅ ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ መጀመሪያ ከተጠራጣሪዎቹ ጋር ነበሩ፤ በኋላ ሐሳባቸውን ቀይረው የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው አሉ። አንድ ሊቅ በዚህ ዕድሜና ማዕረግ ሐሳቡን መቀየሩ ለብቻው ሊነበብ የሚገባው ምዕራፍ ነው።

ታዲያ አንባቢ ምን ያድርግ? ሐተታውን መጀመሪያ ያንብብ፤ አጭር ነው፣ በሁለት ምሽት ያልቃል። ክርክሩን ከዚያ በኋላ ያንሣ። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ክርክሩን ያስቀደመ ሰው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እንደ ፖሊስ እየመረመረ ዋሻው ውስጥ ያለውን ሰው ሳያየው ያልፋል። ክርክሩን ጨርሶ የሚዘልለው ደግሞ፣ በተለይ ለአገር ክብር ሲል የሚዘልለው፣ ዘርዓ ያዕቆብ ራሱ ያስተማረውን ነገር ይጥሳል፤ ሰው ስላለው ብለህ አትቀበል ነውና ትምህርቱ። በ2023 እ.ኤ.አ. ራልፍ ሊ ከመሐሪ ወርቁና ከዌንዲ ቤልቸር ጋር ያወጡት የእንግሊዝኛ ትርጉም አማርኛና ግእዝ ላልደረሳቸው በውጭ ላደጉ ልጆች ጥሩ መግቢያ ነው።

የሰምነር ሥራ ሌላም በር ይከፍታል። የኢትዮጵያ ፍልስፍና ከዘርዓ ያዕቆብ ሰፊ መሆኑን ያሳዩት በአምስት ቅጽ ሥራቸው ነው። «መጽሐፈ ፈላስፋ» በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አባ ሚካኤል ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት ነው። የግሪክ ጠቢባን በዐረብ እጅ አልፈው ኢትዮጵያ ሲደርሱ ሶቅራጥስ የገዳም አባት መስሎ ይናገራል። ይህ መበላሸት አይደለም፤ እንዲያውም ተርጓሚው ሲያስብ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ከዘመናዊዎቹ የእጓለ ገብረ ዮሐንስ «የከፍተኛ ትምህርት ዘይቤ» አለ፤ 1956 ዓ.ም.። በሬዲዮ ከቀረቡ ንግግሮች የተሠራ በመሆኑ ቋንቋው ጆሮ ይይዛል። ሥልጣኔን ከውጭ መቅዳት ነው ወይስ ከአገር ማውጣት በሚለው ጥያቄ ላይ በአማርኛ እንደዚህ ረጋ ብሎ ያሰበ መጽሐፍ ጥቂት ነው። ያንኑ ጥያቄ በልብ ወለድ የሚፈልግ ዳኛቸው ወርቁን ያንብብ። «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) ላይ ዩኒቨርሲቲ የቀመሰ ወጣት ገጠር ገብቶ ከአገሬው ጋር ሌት ተቀን ይከራከራል። ከባድ መጽሐፍ ነው። መጀመሪያ ላይ አሰልቺ የሚመስለው ንግግር ቀስ ብሎ ትርጉም ይሰጣል፤ አንባቢ ሃምሳ ገጽ ታግሦ ካልገባው ግን ዘግቶ ለሌላ ዓመት ቢያቆየው ነውር የለበትም።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን የማያውቅ የለም፤ ያላነበበው ግን ብዙ ነው። በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የሰማ ሰው አነበብሁት ብሎ ያምናል። ሐዲስ አለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ ልብ ወለድ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል የፍቅር ታሪክ ሆኖ ቢታወስም፣ መሃሉ ላይ የገበሬ ዐመፅ አለ። ፊታውራሪ መሸሻ ከልማድ ውጭ መዋጮ ሲጠይቁ ገበሬው በአበጀ በለው መሪነት እምቢ ይላል። ይህን ምዕራፍ ሲያነቡ የማሕተመ ሥላሴ ወልደ መስቀልን «ዝክረ ነገር» አጠገብ ማስቀመጥ ነው። በ1942 ዓ.ም. የታተመው ይህ ትልቅ ጥራዝ የመሬቱን ሥሪት፣ የግብሩን ዓይነት፣ ማዕረጉን፣ የግቢውን ወግ እየዘረዘረ ይመዘግባል። ከዳር እስከ ዳር አይነበብም፤ እንደ መዝገብ ይገለጣል። ልብ ወለዱ ላይ የፊታውራሪው ጉራ የሚያስቀውን ያህል፣ «ዝክረ ነገር» ላይ ያ ጉራ የቆመበት ሥርዓት በረድፍ ተጽፎ ሲታይ ሳቁ ይቀዘቅዛል።

ፍልስፍናውስ? ጉዱ ካሣ ዘንድ ነው። ካሣ ዳምጤ የተባለው የቤተሰቡ ዘመድ የተጻፈውንና ያልተጻፈውን ሕግ አንድ በአንድ ይጠይቃል፣ ስለ ዘርና ስለ ደረጃ ያለውን ይናገራል፤ በዚህም ምክንያት የአገሩ ሰው እብድ ይለዋል። የፍልስፍና ክፍል ውስጥ ስለ ልማድና ስለ አስተሳሰብ ነጻነት ለማስተማር ከዚህ የተሻለ የአማርኛ ገጸ ባሕርይ አይገኝም።

ሐዲስ አለማየሁ ራሳቸው ታሪክ የኖሩ ሰው ናቸው። በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው፣ ከእሳቸውም ጋር ተማርከው በኢጣሊያ ደሴቶች ታሰሩ። «ትዝታ» ይህንኑ ይተርካል። የራስ እምሩ «ካየሁት ከማስታውሰው» ደግሞ የአዛዡን ዓይን ይሰጣል። አንድ ጦርነት፣ አንድ ምርኮ፣ ሁለት ጸሐፊ። በዚህ ላይ የመዓዛ መንግሥቴን ልብ ወለድ መጨመር ነው። አዲስ አበባ ተወልዳ አሜሪካ የምትኖረው መዓዛ በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣችው «ዘ ሻዶው ኪንግ» በተከታዩ ዓመት ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገብቷል። ሁለቱ ትዝታዎች ሴቶቹን የሚያነሡት ሲያልፉ ነው፤ መዓዛ ግን ጠመንጃ ያነሡትን ሴቶች መሃል ላይ ታቆማለች። ዋናዋ ባለታሪክ ወላጆቿን ያጣች የቤት አገልጋይ ናት፣ ስሟም ሂሩት፤ የእንፍራንዙን ጋብቻ ላነበበ ሰው ስሙ ባዶ አይመስልም። ዋሽንግተን ወይም ለንደን ያደገ ልጅ በእንግሊዝኛ አንብቦት ከአያቱ ጋር የሚነጋገርበት ርዕስ ያገኛል።

ከውጭ ቋንቋ ወደ አማርኛ የተተረጎመው ታሪካዊ ልብ ወለድ ጥቂት ነው፤ የፍልስፍናው ደግሞ ከዚያም ያነሰ። በእንግሊዝኛ ለሚያነብ ጀማሪ የኖርዌጂያዊው ዮስተይን ጎርደር «የሶፊ ዓለም» ጥሩ መነሻ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ልብ ወለድ ከሶቅራጥስ በፊት ከነበሩት ጀምሮ እስከ ቅርብ ዘመን ያሉትን ፈላስፎች ለአንዲት የ14 ዓመት ልጅ በደብዳቤ ያስተዋውቃል። ድክመት አለው፤ ዓለሙ አውሮፓ ብቻ ነው። ቢሆንም ከእሱ በኋላ ሐተታውን የሚያነብ ተማሪ ዴካርትና ዘርዓ ያዕቆብ በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ መቀመጣቸውን ራሱ ይደርስበታል።

ከትርጉሞቹ ግን አንዱ ሳይጠራ አይታለፍም። የማርጋሬት ሚቸልን የአሜሪካ እርስ በርስ ጦርነት ልብ ወለድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ወደ አማርኛ የመለሰው ነቢይ መኰንን ነው፤ የሠራውም ማዕከላዊ እስር ቤት ሆኖ። በደርግ ዘመን እስር ቤቱ ውስጥ ወረቀት ስላልነበረ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ በደቃቅ ፊደል ጻፈው። ብጥስጣሹ በሚፈቱ እስረኞች እጅ ጥቂት በጥቂት ወጣ። ያን ትርጉም የሚያነብ ሰው ሁለት ታሪክ በአንዴ ያነባል፤ አትላንታ ስትቃጠል የሚያየው አዲስ አበባ ውስጥ በጠባብ ክፍል ከተቀመጠ ሰው ዓይን ነው።

ስለዚያ ዘመን ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ይጠፋል። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ሲያሳትም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር፤ አሥመራ ላይ የቀይ ኮከብ ዘመቻን በቅርብ አይቷል። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፣ እሱም ከሥራ ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ስለዚህ ብዙ አንባቢ «ኦሮማይ»ን የሚይዘው በደራሲው ዕጣ ምክንያት ነው፤ ይህ ግን መጽሐፉን ይበድለዋል። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለ ማርያም ከአዲስ አበባ ያመጣውን እምነት አሥመራ ላይ ቀስ በቀስ ሲጥል ማየት ነው ትልቁ ነገር። የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ በ2009 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያወጡት የኢትዮጵያ አብዮት ታሪክ ያንኑ ዘመቻ ከወታደራዊ ሰነዶች ተነሥቶ ይመረምረዋል። ሁለቱን ያነበበ ሰው በዓሉ ምን ያህሉን በልብ ወለድ ስም እንደተናገረ ይገባዋል። «ኦሮማይ» በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛም ወጥቷል።

የአብዮቱን መጀመሪያ ለሚፈልግ ብርሃኑ ዘርይሁን በሦስት ቅጽ ያወጣው «ማዕበል» ከወሎ ረሃብ ይጀምራል። የሕይወት ተፈራ «ማማ በሰማይ» የኢሕአፓን ወጣቶች ከውስጥ ያሳያል፤ በመጀመሪያ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፣ ፍቅርና ድርጅት አንድ ላይ ሲፈርሱ የሚታዩበት። የክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ» የድርጅቱን ታሪክ በሦስት ቅጽ ይዟል። ከወዲያኛው ጎን የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ትግላችን» እና የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ» አሉ። ማንም ሰው አንዱን ብቻ ገዝቶ ቤቱ ቢሄድ ገንዘቡን አባክኗል። ሁለት፣ ከተቻለም ሦስት ይግዛና አንድ ወር፣ ለምሳሌ ጥር 1969ን፣ ይምረጥ። የዚያን ወር ገጾች ከሁሉም አውጥቶ ጎን ለጎን ያንብባቸው። ማን ማንን ቀድሞ እንደተኮሰ፣ ማን ትእዛዝ እንደሰጠ፣ ማን እንዳላየ ሆኖ እንዳለፈ፣ ስማቸው በአንዱ መጽሐፍ ሦስት ገጽ የወሰደ ሰዎች በሌላው እንዴት በአንድ ሐረግ እንደታለፉ ያያል። ከዚያ በኋላ በዚያ ወር አዲስ አበባ የነበረ አጎት ወይም አክስት ካለው፣ መጻሕፍቱን ይዞ ቡና ላይ ይቀመጥ።